በግድግዳው ሰዓት ልክ

ልደታ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኮከቤ ሚደቅሳ፣

የጎተንበርግ ብርድ አንቺንም ልጅሽን ቤካንም አይድፈራችሁ። በሰላም ያደረሰሽ አምላክ በሥራሽም በቤትሽም ይቁም። እኛ እንደተውሽን ነን። አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን።

ስልክ ላይ «ደህና ነን» ያልኩሽን እንዳታምኚው። ኮንዶሚኒየሙ አንድ ክፍል ነው፤ የምናገረውን ሁሉ ቢፍቱ ትሰማለች። እውነቱን የማወራሽ በወረቀት ነው። በሀምሳ አራት ዓመቴ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርኩት፣ ደብዳቤዬን ሌላ ሰው እንዳይጽፍልኝ ብዬ ነው። አባትሽ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እኔ ሰንጋ ተራ ለሻይ ቤት ውሃ አመላልስ ነበር፤ ደብተሩ የተገዛው በዚያ ነው። ተዝካሩ ላይ በሰው ፊት «አባቴ በራሱ ጥረት ተማረ» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ነፍሱን ይማረው። ዝም ያልኩት የሞተ ሰው ስለማይመልስልኝ ነው።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። የቤካን አሮጌ የኢንሱሊን ፓምፕ የልጅ ልጄ የቢፍቱ ወገብ ላይ አስረሽ ከሄድሽ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ድሮ ጧትና ማታ መርፌዋን ወግቼ እገላገል ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ የሚያስገባ ነገር ከእኛ ጋር ይኖራል። ስትገላበጥ ቱቦው እንዳይነቀል እሰጋለሁ። ስትታጠብ እሰጋለሁ። ገመድ ስትዘል እሰጋለሁ። በየሦስት ቀኑ አዲሱን መርፌ ሆዷ ላይ ልተክል ስል መልሼ አስቀምጠዋለሁ፤ እሷ ግን «እማማ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እኔ እተክለዋለሁ» ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሐኪማችንም እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ ይዞ አያውቅም፤ «የገጠመችላትን ጠይቂ» ነው ያለኝ።

ጎረቤታችን ቀመሪያ ደረጃ ላይ አግኝታት «አንቺ፣ አሁን በባትሪ ነው የምትሠሪው?» ብትላት፣ «አዎ፣ ለእርስዎም ጉልበትዎ ላይ ላስገጥምልዎት?» አለቻት። ቀመሪያ እስካሁን ትስቃለች። መሣሪያውን «ቤካ» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ልጅሽ ከኋላው የለጠፈው የኳስ ተጫዋች ሥዕል አልላጥ ስላለ። ሲጮህ «ቤካ ራበው» ትላለች።

እኔ አልስቅም። እናቷ ወይንሀረግ በዚሁ በስኳር በሽታ ስትሞትብኝ ይቺ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነበር። መርፌዋን አንድ ቀን አላጓደልኩባትም፤ ተደብቃ ጣፋጭ እየበላች ነው የሞተችው። አብረሻት አድገሻል፣ ታውቂያለሽ። ሁለተኛ ልጅ አልቀብርም።

ቱቦና መርፌው እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው የሚያደርሰን። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ እንዳለች ቱሉ


ጎተንበርግ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2011

ለአክስቴ ለአዳዳ እንዳለች፣

ይህ ወረቀት በእጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ቢፍቱ እየሳቀች ያግኝዎት። ቤካ እግርዎን ይስማል። ኳስ ተጫዋቹ ኢትዮጵያ መግባቱን ሰምቶ ኮርቷል።

ሥራዬ እንደሚያውቁት ነው፣ ሽማግሌዎችን አነሣለሁ፣ አስተኛለሁ። እዚህ በሦስት ሰዓት ተኩል ይመሻል፤ ከቤት ስወጣም ስገባም ጨለማ ነው። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ለአራት ወር የሚበቃ ቱቦና መርፌ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ይደውልልዎታል።

አዳዳ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ቢፍቱን ከምግብ አይከልክሏት። የዚህ መሣሪያ ጥቅሙ ያ ነው። የበላችውን ያህል ትነግረዋለች፣ እሱ ያስገባላታል። ስኳሯ ወርዶ ከተንቀጠቀጠች ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ ስኳር ይስጧት። የጻፍኩልዎት አራት ገጽ መመሪያ ላይ ሁሉም አለ። ያንን ከተከተሉ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ስለ አባቴ ያሉትን አንብቤዋለሁ።

ልጅዎ ኮከቤ


ልደታ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለኮከቤ፣

የሰው አገር ጨለማ አይልመድብሽ፤ ጤናሽን ያብዛልሽ። ቀኑን በፈረንጅ ስለጻፍሽው ደብዳቤሽ መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደቆየ ለማወቅ ቀመሪያን አስቆጠርኩ። ዕቃው ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መመሪያሽን ተከትዬዋለሁ። ኅዳር 29 ቀን ጧት የመሣሪያው ባትሪ ሞተ። ሱቅ እስኪከፈት ጠብቄ ባትሪ ገዛሁ፤ ከከተትኩት በኋላ መስታወቱ ላይ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ቁም ሳጥኑ በር ላይ የለጠፍሽልኝን ወረቀት ጣቴን በያንዳንዱ ቃል ላይ እያስኬድኩ አነበብኩ። «ባትሪ ሲቀየር ሰዓት ከጠየቀ ትክክለኛውን ሰዓት ያስገቡ» ይላል። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት። አንድ ብዬ አስገባሁ። ተቀበለኝ። ማንም አልረዳኝም። ሚደቅሳ በሕይወት ኖሮ ባየኝ ብዬ ተመኘሁ።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላም። አሁን ጧት ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ፣ ውሃ ውሃ እያለች ነው። ስለካት ሦስት መቶ አሥር። በማግሥቱ ሦስት መቶ አርባ። ማታ ስትተኛ ደህና የነበረች ልጅ፣ ሳትበላ በሌሊት ስኳሯ ከየት ይመጣል? ኮከቤ፣ ልጅቷ እየተነሣች ትበላለች። እናቷም ልክ እንደዚህ ነበረች። ጧት ጧት ከንፈሯ ደርቆ፣ «አልበላሁም» እያለች።

ጠየቅኳት። «እማማ፣ በእናቴ ሞት አልበላሁም» አለችኝ።

«በእናትሽ አትማይ። እሷም የምትለው ይህንኑ ነበር» አልኳት።

ለቁም ሳጥኑ ጓጉንቸር ገዛሁለት። ስኳሩ፣ ማሩ፣ ዳቦው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አስሬ አንገቴ ላይ አድርጌው ነው የምተኛው። ጧት ጧትም ቁርሷን ግማሽ አድርጌዋለሁ፣ ሌሊት የበላችው እንዲበቃት።

አንቺን ትወድሻለች። እኔ ክፉ አሮጊት ነኝ፣ አንቺ ፓምፕ ያመጣሽ ነሽ። ጻፊላትና ትተወው።

አክስትሽ እንዳለች


ጎተንበርግ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2012

ለአዳዳ እንዳለች፣

አዲሱ ወር በጤና ይግባልዎት። ዘግይቻለሁ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ታመው የእነሱንም ፈረቃ እኔው ነበርኩ የምሠራው። ደብዳቤዎን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ሳምንት ዞርኩ።

ጓጉንቸሩ ደስ አላለኝም። ግን ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ቤካም አሥር ዓመቱ ላይ ቸኮሌት ይሰርቅ ነበር። ወረቀቱን ጫማው ውስጥ አግኝቻለሁ። ልጆች ይህን ያደርጋሉ፤ ከክፋት አይደለም። ለሌሊቱ ስኳር መውጣት ሌላ ምክንያት አይታየኝም፤ እኔ እዚያ እያለሁ ልኬቱን ሳስተካክል የጧቱ በጣም ጥሩ ነበር። እስቲ ለአንድ ሳምንት ጧትም ቀንም እየለኩ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ይጻፉልኝ።

ለቢፍቱ ከዚህ ጋር ትንሽ ወረቀት አድርጌያለሁ። ያንብቡላት ወይም እራሷ ታንብበው። «ቢፍቱዬ፣ እውነቱን ለአያትሽ ንገሪያት። ከተናገርሽ ማንም አይቆጣሽም፣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል» ብያታለሁ።

ልጅዎ ኮከቤ


ልደታ፣ የካቲት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለኮከቤ፣

ሰላም ሁኚ። ሌላ ምርቃት በአፌ አልመጣልኝም።

ወረቀትሽን እራሷ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ቆመችና «አዎ፣ ሰርቄ እበላ ነበር» አለችኝ።

«ምን ስትበዪ ነበር?»

አሰበች። «ስኳር።»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከየት አመጣሽው?»

አሁንም አሰበች። «ከእትዬ ቀመሪያ ቤት።»

ይዣት ወደ ቀመሪያ ሄድኩ። ቀመሪያ «እንዳለች፣ ምን ነካሽ፣ ልጅቷ እኔ ቤት ከገባች ወር አልፏታል። በሌሊት በየት ትገባለች፣ በቁልፉ ቀዳዳ?» አለችኝ። ቢፍቱ መሬት መሬት ታያለች። ሰርቃ አልሰረቅኩም ብትል ይገባኛል፤ ሳትሰርቅ ሰረቅኩ የምትል ልጅ ግን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን መታኋት። ለመስረቋ ይሁን ለመዋሸቷ እራሴም አላወቅኩትም።

በማግሥቱ ማክሰኞ ቁርሷን ከለከልኳት። ሦስት መቶ ሃያ ሆኖ ምን ይባላል፣ ጨምሪ? ከጧቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ። ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ከወንበሯ ወድቃለች። ስደርስ አስተማሪዋ በማንኪያ ስኳር ውሃ አፏ ውስጥ ልትከት ትሞክራለች፤ ጥርሷ ገጥሟል። ጤና ጣቢያ ተሸክመናት ገባን። ስኳሯ ተለካ። ሠላሳ ስምንት። ጧት ሦስት መቶ ሃያ የነበረችው ልጅ ሠላሳ ስምንት። በግሉኮስ ነቃች። መጀመሪያ ያለችኝ «እማማ፣ አልበላሁም» ነው።

ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ያልሽውን ሳምንት ለክቻለሁ። በየቀኑ አንድ ነው። ከጧቱ አንድ ሰዓት፣ ከሦስት መቶ በላይ። አምስት ሰዓት፣ ስድሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ አምስት። ማታ አንድ ሰዓት፣ ደህና። ጧት ደግሞ ሦስት መቶ። መሣሪያውን ነቅላ ትራሷ ሥር ደብቃው አገኘኋት። «ቤካ ይጠላኛል» አለችኝ። ሐኪሙ ያለ እሱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትታመማለች ስላለኝ እያለቀሰች መልሼ ተከልኩባት። ድሮ የምወጋትን መርፌ ፍለጋ ብወጣ ያኛው ዓይነት ከከተማው ጠፍቷል አሉኝ።

ኮከቤ፣ ይህን ዕቃ መጥተሽ ውሰጂልኝ። ወይም ምን እንደማደርግ ንገሪኝ። ወይንሀረግን ስቀብር ቢያንስ ምን እንደገደላት አውቅ ነበር። አሁን ሌባዋ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጅቷ ናት ወይስ መሣሪያው።

እንዳለች


ጎተንበርግ፣ የካቲት 24 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ ለእንዳለች፣

እግርዎ ላይ ወድቄ ነው ይህን የምጽፈው።

ደብዳቤዎን ትራም ውስጥ አነበብኩት። «ከጧቱ አምስት ሰዓት» የሚለው ላይ ደርሼ ወረድኩ። የማላውቀው ጣቢያ ላይ ቆሜ ነው ለቀመሪያ የደወልኩት። «የመሣሪያውን ሰዓት ሞባይሉ በሚለው ልክ አሁኑኑ አስተካክሉት» ከማለት ሌላ መናገር አልቻልኩም። ምክንያቱን ልንገርዎት።

ይህ በሽታ ያለባቸው ልጆች ሊነጋጋ ሲል ስኳራቸው በራሱ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያውን ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጧት ሁለት ሰዓት ብዙ እንዲያስገባ፣ በቀረው ጊዜ ትንሽ እንዲያስገባ አድርጌ አስተካክዬው ነበር። መሣሪያው የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። የእኛ ሌሊት ዘጠኝ ለእሱ ሦስት ነው። ባትሪ ሲቀይሩ ከጧቱ አንድ ሰዓት ብለው ሲያስገቡ፣ እሱ አንድ የሚለው ሌሊት ሰባት ሰዓትን ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ሌሊት ሲያስፈልጋት አላስገባላትም፤ ጧት በሦስት ሰዓት ክፍል ገብታ ስትቀመጥ ሌሊት ነው ብሎ የሌሊቱን ሁሉ ይጭንባት ጀመር። እርስዎ ደግሞ ቁርሷን ቀንሰው ነበር።

ቢፍቱ ምንም አልሰረቀችም። አንድ ጉርሻ አልሰረቀችም።

እርስዎም አላጠፉም። «ትክክለኛውን ሰዓት ያስገቡ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ትክክለኛውን ነው ያስገቡት። አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖሬ ሌላ ሰዓት እንዳለ ረሳሁ። ታኅሣሥ ላይ ከባትሪው ጋር ሁሉንም ጽፈውልኝ ነበር፤ የግድግዳውን ሰዓት፣ አንድ ብለው ማስገባትዎን። አንብቤ አለፍኩት። ከዚያ ይልቅ ልጅቷ ሌባ መሆኗን ማመን ቀለለኝ፤ ለእሷም ያን ወረቀት ጻፍኩላት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት። ከወይንሀረግ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። ተደብቃ ስትበላ አንድ ቀን አላየኋትም። ያኔ ፍሪጅ አልነበረንም፤ መድኃኒቱ በዚያ የቆርቆሮ ቤት ሙቀት ምን እንደሆነ ማን ያውቃል። ከዚህ ለለቅሶ ስመጣ እርስዎ «ጣፋጭ ገደላት» ሲሉ ዝም ያልኩት፣ ያንን ካላሉ የሚቆሙ ስላልመሰለኝ ነው። አሁን ግን ዝምታዬ ቢፍቱ ላይ ወደቀ።

ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም የእርስዎው ኮከቤ


ልደታ፣ መጋቢት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኮከቤ፣

ለሰው የደረስሽ ለራስሽም የሚደርስልሽ አትጪ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፈሽዋል፤ አይቻለሁ።

ሰዓቱን ካስተካከልን ወር ሊሞላው ነው። ጧት መቶ ሠላሳ፣ መቶ አርባ። ትምህርት ቤት አልወደቀችም። ቱቦና መርፌው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ያደርሰናል፤ የሚመጣ ሰው ፈልጊ። ለዚያ አልለምንሽም፣ ግዴታሽ ነው።

አንቺ ያላወቅሽውን ልንገርሽ። ያን ጧት ባትሪውን ስቀይር ቢፍቱ አጠገቤ ነበረች። «እማማ፣ ሞባይሉ ሰባት ነው እኮ የሚለው» ብላኛለች። «ሰዓት ማንበብ ሞባይል አያስተምረኝም» አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁትን አንድ ነገር ማንም እንዲነካብኝ አልፈለግኩም። ስለዚህ «አላጠፉም» ያልሽውን መልሰሽ ውሰጂው።

ስለ ወይንሀረግ የጻፍሽውን ሁለተኛ አላነበብኩትም። ወረቀቱን አጥፌ ፎቶዋ ጀርባ አድርጌዋለሁ። «አልበላሁም» ትለኝ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት መናገሩንም ተወችው። እኔ አመነች ብዬ ነበር።

ቢፍቱን አስቀምጬ ነገርኳት። «አልሰረቅሽም። ሰዓቱ ነው። እኔ ነኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። «ለምን ሰረቅኩ አልሽኝ ታዲያ?» አልኳት። «እትዬ ኮከቤ ከተናገርሽ ይስተካከላል ስላለችኝ» አለች። አንቺው ጻፊላት። ያኛው ወረቀትሽ አሁንም ደብተሯ ውስጥ አለ።

ጓጉንቸሩን ጣልኩት። ቁልፉን ከማተቤ ፈትቼ እሷ እያየች ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። ቁም ሳጥኑ በሩ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። ስኳሩን ከፊት አድርጌዋለሁ፣ እጇ በሚደርስበት። ቀመሪያ «አሁንማ ዝንብ ሁሉ ይግባበት» ትለኛለች። ዝንብ ይገባበታል። ቢፍቱ ግን አትነካውም።

እሑድ ከልጆች ጋር ግቢ ስትጫወት ቆይታ ወጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ግንባሯ ላይ ላብ፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ወገቧ ላይ ያለው ይጮሃል፤ «ቤካ ራበው» ማለት ትታለች። ቁም ሳጥኑ ጋ ደርሳ ቆመች። በሩ ክፍት ነው። ስኳሩ ፊቷ ነው። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ እኔን ታየኛለች።

«ውሰጂ» አልኳት። አልወሰደችም። ተነሥቼ ማንኪያ ሞልቼ እጇ ላይ አደረግኩላት። መዳፏ እየተንቀጠቀጠ ስኳሩ መሬት ይፈሳል።

«ልብላው?» አለችኝ።

አክስትሽ እንዳለች ቱሉ